የሶልፌጅ አስተማሪ ስንፈልግ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የሶልፌጅ አስተማሪያችን ጥሎን ሄደ። ደውሎ እንኳን አይደለም፤ በቴሌግራም። «መምህርት ራሔል፣ ሌላ ቦታ ቋሚ ሥራ ስላገኘሁ በዚህ ሴሚስተር አልመጣም፣ ይቅርታ።» መጨረሻው ላይ የተጋጠሙ እጆች ምስል ለጥፎበታል። እጅህን ይቁረጠው ብዬ ልጽፍለት ነበር። «እሺ፣ መልካም ዕድል» ብዬ መለስኩለት።

ትምህርት የሚጀመረው የዛሬ ሳምንት ነው። ሃያ ስድስት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ተመዝግቧል። ሶልፌጅ ግዴታ ነው፤ ኖታ አይቶ የማይዘፍን፣ ድምፅ ሰምቶ የማይጽፍ ልጅ ሌላው ኮርስ ላይ አንድ እርምጃ አይራመድም። የሚያስተምር ሰው ግን የለኝም።

ዲኑ ቢሮ ገባሁ። አቶ ታምራት ያጠኑት ንግድ ነው፤ ሙዚቃ ለእሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጫጫታ ነው። ቀና ሳይሉ «አንቺ ለምን አታስተምሪውም?» አሉኝ።

«የቲዎሪ ክፍሎች አሉብኝ» አልኩ። ውሸት አይደለም። ምክንያቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

«እንግዲያው ማስታወቂያ አውጪ። በትርፍ ሰዓት፣ ለአንድ ሴሚስተር። አርብ ስም እፈልጋለሁ። አርብ ስም ከሌለ ኮርሱን እዘጋዋለሁ፤ የተማሪዎቹን አቤቱታ አንቺ ትቀበያለሽ።»

ጽፌ ለጠፍኩ። የምፈልገው ሰው፦
ዲግሪ ያለው።
ፒያኖ የሚነካ።
ጠዋት ሁለት ሰዓት መርካቶ የሚደርስ። (ከባዱ ይሄ ነው።)
ሊፍት ስለማይሠራ አራት ፎቅ በእግሩ የሚወጣ።
እኔን የማያናድድ።

የመጨረሻዋን ማስታወቂያው ላይ አላወጣኋትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አምስት ሰው አመለከተ። ሦስቱ ጊታር እንጂ ሶልፌጅ አያውቁም። አራተኛው ናትናኤል የሚባል ልጅ ነው፤ ባለፈው ዓመት የተመረቀ፣ ዲግሪ አለው፣ ፎቶው ላይ ይስቃል።

የአምስተኛውን ፖስታ ስከፍት ስሙን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘውዱ። ጋሼ ዘውዱ። ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው።

ፊት ለፊት ከመጣ «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታ አላባክንለትም።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሶልፌጅ የሚያስተምረን እሱ ነው። አንድ ቀን አስነሳኝና አንዲት መስመር ዝፈኚ አለኝ። ዘፈንኩ፤ ስቻለሁ። ሃያ ልጅ ፊት እንዲህ አለኝ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «አንቺ የመርካቶ ልጅ፣ ጆሮሽን ክላክስ በልቶታል። ጆሮ የለሽም። ጊዜሽን አታባክኚ፣ እናትሽ ጋ ሄደሽ ነጠላ ሽጪ።» ክፍሉ ሳቀ። ኤፍ ሰጠኝ። ዓመቱን ደገምኩ።

ከዚያ በኋላ በወረቀት የሚሠራውን ያዝኩ። ቲዎሪ። ሃርመኒ። አንድ ድምፅ ከአፌ ከማውጣቴ በፊት ኪቦርዱን ነክቼ አረጋግጣለሁ። ሰው ፊት ሳላረጋግጥ ዘፍኜ አላውቅም። ሶልፌጅ የማላስተምረው ለዚህ ነው። ለአቶ ታምራት ይሄን አልነግራቸውም።

ፖስታውን ቀዳዶ መጣል ይቻል ነበር። ከድር ቀድሞ አይቶታል። ከድር ማሲንቆ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው፤ ወሎዬ፣ አባቱ እህል በረንዳ ጤፍ ነጋዴ ናቸው። ቅጥር ኮሚቴው እኔና እሱ ነን። «እኚህ ሰውዬ እኛ ጋ አመለከቱ? ዕድለኞች ነን እኮ!» ብሎ ዘለለ።

ዕድለኞች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቃለ መጠይቅ።

ናትናኤል ሩብ ሰዓት አርፍዶ መጣ፤ «ኩሊዎቹ መንገዱን ዘግተውት ነው» አለ። ደስ የሚል ልጅ ነው። በትልቁና በትንሹ የሦስተኛ ድምፅ ርቀት መካከል ያለውን ልዩነት ዝፈንልን ስንለው ስልኩን አወጣ። «የሚያሰማ አፕ አለ» አለን። ከድር ጣሪያውን አየ።

ከዚያ እሱ ገባ። ሰባ አልፎታል፣ አራት ፎቅ ወጥቶ አላለከለከም። እኔ አለከልካለሁ። ኮቱን ሳያወልቅ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና፦

«ይሄ ነው ፒያኖው?»

«ኪቦርድ ነው ጋሼ» አልኩ።

«ገባኝ። ከታች ብርድ ልብስ፣ ከላይ ኪቦርድ።» ምድር ቤቱ ብርድ ልብስ ሱቅ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ጸሐፊዋ ነሽ?»

ከድር ፈጠን ብሎ «መምህርት ራሔል፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናት» አለ።

«እ» አለ። እ! አላወቀኝም። ፊቴን አየ፣ ስሜን ሰማ፣ ምንም። እኔ አሥራ አራት ዓመት ተሸክሜው፣ እሱ የት እንደጣለው እንኳን አያውቅም። ከስድቡ ይልቅ ይሄ አቃጠለኝ።

«የሚቸገር ተማሪ ሲገጥምዎት ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

«እነግረዋለሁ። ሁሉም ሰው ሙዚቀኛ ይሆናል ያለ የለም። ቶሎ የተነገረው ልጅ ዕድሜውን አይጨርስም።»

«ተሳስተው የነገሩት ልጅስ?»

«እስከ ዛሬ አልተሳሳትኩም።»

ከድር አሳለ።

ሁለቱም ከሄዱ በኋላ ነጥብ ሰጠን። ከአሥር። እኔ ለናትናኤል ዘጠኝ፣ ለዘውዱ ሦስት። ከድር ወረቀቴን አንስቶ ብዙ አየው። ታሪኩን ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ሦስቱን የሰጠሽው ለዛሬው ነው ለያኔው?» አለኝ።

«ለሁለቱም» አልኩ።

«ስልክ የሚያወጣ ልጅ ዘጠኝ?»

ወረቀቱን አልቀየርኩም። ያደረግሁትን አውቃለሁ፤ አላፈርኩም። ትንሽ አፍሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የሙከራ ትምህርት። ስምንት ተማሪዎች በፈቃዳቸው መጡ። ለኮሚቴው ብዬ በስልኬ ቀዳሁት።

ናትናኤል ግማሽ ሰዓት አስተማረ፤ ሳቁ፣ ወደዱት፣ አንድም ልጅ አልዘፈነም።

ዘውዱ ገባ። ሰላምታ የለ፣ ስም መጠየቅ የለ። ሞቆት ነው መሰለኝ በቀኙ ያለውን መስኮት በረገደው፤ የመንገዱ ሁካታ እንዳለ ገባ። አንዲት ድምፅ ነካና እጁን ከፍ አደረገ፤ ልጆቹ ተከተሉት። ዝቅ አደረገ፤ ወረዱ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በሕይወታቸው ኖታ አይተው የማያውቁ ልጆች ባቲ ቅኝትን እየዘፈኑ ነበር። አንዱን «አፍህን ክፈት፣ ጥርስ ሐኪም ጋ አይደለህም» አለው፤ ልጁ ከፈተ፤ ድምፁ ወጣ።

ጠላሁት። ቢያቅተው ምን ነበረበት።

ከዚያ አንድ በአንድ አስነሳቸው። ከታች ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው «አንድ መቶ፣ አንድ መቶ፣ ያነሳኸው አንድ መቶ!» እያለ ይጮኻል። በስተግራው ጥግ የተቀመጠችው ፈቲያ ተነሳች። አባቷ ሁለት ሕንፃ አልፎ ሱቅ አላቸው፤ ዓይን አፋር ናት። ዶ፣ ሚ፣ ፋ ልክ (ባቲ ሬ የለውም)። ሶል ላይ ከልኩ በታች ወረደች። በጣም ወረደች።

«ጎበዝ። የሚቀጥለው» አለ።

የተሳሳትኩት እኔ መሰለኝ። ጆሮ የለሽም ተብዬ የለ? ከድርን አየሁት፤ ወደ መስኮቱ እያየ ድምፅ ማጉያውን እየረገመ ነው። አልሰማም።

ትምህርቱ ሲያልቅ በግራው በኩል ቀርቤ ቀስ ብዬ «ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አልኩት። ዝም። ደገምኩ። ዝም። በቀኙ ዞሬ ያንኑ በዚያው ድምፅ ስለው «አያስፈልግም» አለኝ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ በሩን ዘግቼ ቅጂውን ከኪቦርዱ ጋር አስተያየሁት። የፈቲያ ሶል ወርዷል። ልክ ነበርኩ። እሱ አልሰማም። ግራ ጆሮው ሞቷል፤ ቀኙን መንገዱ ይዞበት ነበር።

ደስ አለኝ። ይጻፍ። ብቻዬን ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ በጣም ደስ አለኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 7

ረጅም ቀን።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዘውዱ ውጤቱን ሊጠይቅ መጣ። ባዶ ክፍል ወሰድኩት። መስኮቱን ዘጋሁ፣ በቀኙ በኩል ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ግራ ጆሮዎ አይሰማም።»

«ማን አለሽ?»

«ማንም። ትናንት በስተግራዎ የተነሳችው ልጅ ሶልን አውርዳ ዘፍናለች። ጎበዝ አሏት።»

«አላወረደችም።»

ስልኩን ሰጠሁት። ቀኝ ጆሮው ላይ አስደግፎ ሰማ። ደግሞ ሰማ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ እንጂ በእጄ አልመለሰልኝም።

«መንገዱ ነው። ገበያ መሃል ዩኒቨርሲቲ የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሰምቻለሁ።»

ከዚያ ነገርኩት። ክላክሱን፣ ነጠላውን፣ ኤፉን። ሲሰማ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አልተንቀሳቀሰም።

«አላስታውስሽም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ብዬ ይሆናል። ለብዙ ልጅ ብያለሁ። እዚህ ክፍል ያስገባሽኝ ይቅርታ እንድጠይቅሽ ከሆነ አልጠይቅም። የመጣሁት ሥራ ፈልጌ ነው።»

«ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ?»

«ስንትም ይሁን። ዛሬ ብትፈልጊ ሥራውን ትከለክይኛለሽ፤ ያኔ እኔም መብቱ ነበረኝ።» ኮቱን አስተካከለ። በሩ ጋ ደርሶ ግን ቆመ። «ለሰዎቹ ነግረሻቸዋል?»

«ገና።»

ያኔ ዓይኑ ላይ ፍርሃት አየሁ። እሱን ለማየት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ሳየው ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ደረጃውን ወረደ። የእግሩን ድምፅ እስከ ምድር ቤት ሰማሁት።

አምስት ሰዓት ላይ ከድር መጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል። ናትናኤል ጋ ደውሎ ኖሯል። ልጁ ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወትበት ሥራ አግኝቷል፤ አይመጣም። ዘጠኝ የሰጠሁት ልጅ።

ስለ ጆሮው ለከድር ነገርኩት። ተቀመጠ። «እና ምን ልትይ ነው?»

አሰብኩ። ብናገር ሰውዬው ይቀራል፣ ሶልፌጅ ሰው የለውም፣ አቶ ታምራት ይዘጉታል፤ ወይም እኔ አስተምረዋለሁ። ዝም ብል ሰውዬው ይገባል፣ እንደ ፈቲያ ያሉት ልጆች ደግሞ ሴሚስተሩን ሙሉ እያወረዱ «ጎበዝ» ይባላሉ። በየትም ዞርኩ በየት፣ ያ ኮርስ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። እኔ ሶልፌጁን ከያዝኩ የኔ ቲዎሪ ባዶ ይሆናል። ቲዎሪ ደግሞ ወረቀት ነው፤ ጆሮ አይጠይቅም። ሃርመኒን በወረቀት ላይ እንደዚያ ሰውዬ የሚያውቅ አላየሁም። ጠልቼውም ይሄን አውቃለሁ።

ለአቶ ታምራት ያልኳቸው ይሄን ብቻ ነው፦ «ሶልፌጁን እኔ እይዛለሁ፤ ጋሼ ዘውዱ ቲዎሪውን ያስተምሩ።»

«ሰኞ ዕለት አይሆንም አላልሽም?»

«ብዬ ነበር።»

«እናንተ የሙዚቃ ሰዎች» አሉና ፈረሙ።

ጆሮውን አልተናገርኩም። አዝኜለት አይደለም። እኔ ብቻ የማውቀው ነገር እንዲኖር ፈልጌ ይሆናል። ይሄ ጥሩ ስሜት አይደለም፤ ግን ያለኝ እሱ ነው። ውሉ ላይ ከድር አንድ መስመር እንዲጨመር አስደረገ፦ ተማሪን በክፍል ፊት ያዋረደ መምህር ውሉ ይቋረጣል። ለሁሉም መምህር ነው የተጻፈው። ሁላችንም ለማን እንደሆነ እናውቃለን።

ከድር ደወለለት፤ ድምፁን ክፍት አድርጎ።

«ቲዎሪ? ወረቀት ላስተምር ነው የጠራችሁኝ?» ብሎ ጆሯችን ላይ ዘጋው።

ቆይቶ ራሱ ደወለ። «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው?»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

እማዬ ጋ ሸማ ተራ ሄድኩ። ደንበኛ እያስተናገደች ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ለሠርግ ስድስት ነጠላ ታስመርጣለች። ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠብቄ ነገርኳት።

«የቱ ሰውዬ? ነጠላ ሽጪ ያለሽ?»

«እሱ።»

«ቀጠርሽው?!» እጇ ላይ ያለውን ጋቢ ወረወረችው። «እኔ ብሆን ያንን ደረጃ ከግማሽ ነበር የምመልሰው! ያን ቀን እያለቀስሽ እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ፣ እኔ ጎረቤት እንዳያይሽ በነጠላ ሸፍኜሽ... ረሳሽው?»

«አልረሳሁም እማዬ።»

«ነጠላ መሸጥ ምን ነውር አለው? ሸጬ አይደል ያስተማርኩሽ? እሱን ጠይቂልኝ እስቲ!»

ምሳ አቀረበችልኝ፣ ግን እስክጨርስ አላናገረችኝም። ስወጣ፣ «እዚህ አካባቢ እንዳላየው» አለችኝ። መልኩን የምታውቀው አይመስለኝም፤ ብታየው ግን የሚጎዳው እሱ ነው።

ከዚያ ሥራ ቦታ ሄድኩ። ቅዳሜ አራተኛ ፎቅ ሰው የለም። ኪቦርዱን በጨርቅ ሸፈንኩት፣ ኖታ ዘረጋሁ፣ ሳልነካ ዘፈንኩ፤ ከዚያ ጨርቁን ገልጬ አረጋገጥኩ። ሃያ ልምምድ። አሥራ ሰባቱ ልክ። የሳትኳቸውን ሦስቱን እስኪሰለቸኝ ደጋገምኳቸው። ጉሮሮዬ ደርቋል። አሥራ ሰባት! ማንም የለም እንጂ ለሰው እነግር ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። እሱ ቀድሞኛል። ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን።

«ደህና አደሩ ጋሼ።»

«የቲዎሪ ማስታወሻሽን አየሁት። ምዕራፍ ሦስት ላይ ስህተት አለ።»

«የቱ ጋ?»

«ፈልጊው» ብሎ ገባ። እግዜር ይይለት። (ፈለግሁት። አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳስተምረው የነበረ ስህተት።)

ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። ሲያስተምር እሰማዋለሁ። ማንንም አልሰደበም። አንድ ጊዜ ድምፁ ከፍ ሲል ጆሮዬን ቀሰርኩ፤ ሰሌዳው ላይ ጠመኔ የለም ብሎ ነው።

ሃያ ስድስት ልጅ ፊት ቆምኩ። የመጀመሪያዋን ድምፅ ኪቦርዱን ሳልነካ አወጣሁላቸው። ተቀበሉኝ። ከዚያ ነካሁት፤ ልክ ነው።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄድን፣ ሁሉም በአንድ ላይ እየዘፈኑ፣ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እሱ ነው። ልጆቹ ጸጥ አሉ።

«ወርዳችኋል» አለ። «ሁላችሁም። ቀስ በቀስ እየወረዳችሁ ነው።»

ኪቦርዱን ነካሁ። እውነቱን ነው። ሩብ ድምፅ ያህል ወርደናል።

ፊቴ ጋለ። ሃያ ስድስት ልጅ ያየኛል። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ አልኩ፦ «አውቃለሁ ጋሼ። ላስቆማቸው ስል ነው የገቡት። ሁለተኛ ሳያንኳኩ አይግቡ።»

አየኝ። ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አየኝ።

«ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

በሩን ዘጋው፤ ቀስ አድርጎ አይደለም፣ ግን ዘጋው።

«ከመጀመሪያው» አልኳቸው ልጆቹን።

አሁን ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሰምቼ ነበር? አዎ፣ ሰምቼ ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። ከእሱ ቀድሜ ይሁን በሩ ሲከፈት እኩል፣ እሱን አላውቅም። ረቡዕ ሁለታችንም ክፍል አለን፤ ማን እንደሚቀድም ያኔ አያለሁ።